ተወዳዳሪዬ ዋጋ ሰበረብኝ፤ እኔም ልስበር?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የማተሚያ ድርጅት ባለቤት ነው። ረዥም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችንም አውጥቻለሁ። ቃላቱ ግን የእርሷ ናቸው።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

የማተሚያ ድርጅት ካቋቋምኩ 8 ዓመት ሆኖኛል። 11 ሠራተኞች፣ አንድ አነስተኛ ኦፍሴትና አንድ ዲጂታል ማሽን አለኝ። ብሮሹር፣ ካታሎግ፣ የምርት መለያ፣ የማሸጊያ ካርቶን፣ የመጣውን ሁሉ እናትማለን። ባለፈው ዓመት አንድ ሌላ ድርጅት ትልቅ አዲስ ኦፍሴት ማሽን አስገባና ከእኛ ዋጋ 20 በመቶ ዝቅ ብሎ መሥራት ጀመረ። በ4 ወር ውስጥ ሁለቱ ትልልቅ ደንበኞቼ ወደ እርሱ ሄዱ። የሁለቱ ሥራ ከገቢዬ 40 በመቶ ያህል ነበር። እርሱ በነጻ ማድረስ ሲጀምር እኔም ጀመርኩ። ማስታወቂያ ሲያወጣ እኔም አወጣሁ። በመጨረሻ ባለሙያ ቀጥሬ 46 ገጽ የገበያ ስትራቴጂ አሠራሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ‹ለሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል የላቀ ጥራት ያለው የሕትመት አገልግሎት በዝቅተኛ ዋጋ ማቅረብ› ይላል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ምን እንደማደርግ ግን አይናገርም።

ባለቤቴ ‹ዋጋ ቀንሺና ደንበኞችሽን መልሺ› ይለኛል። የሽያጭ ሠራተኛዬ ‹ማስታወቂያ እናብዛ› ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከዚህ ሁሉ መሀል የሚያስቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳሙና የምታመርት አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ ሁልጊዜ ከመሸ ደውላ ‹ለነገ 300 መለያ› ትለኛለች። ዋጋ ጠይቃኝ አታውቅም። እንደ እርሷ ያሉ 100 ደንበኞች ቢኖሩኝ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት አታሚ»

ውድ እህቴ፣

ሙሉውን ደብዳቤዎን እርሳስ ይዤ ነው ያነበብኩት። ተወዳዳሪዎ በተነሣ ቁጥር በኅዳጉ ላይ አንድ ጭረት፣ ደንበኛ በተነሣ ቁጥር አንድ ነጥብ አደረግሁ። 19 ጭረትና 5 ነጥብ ሆነ። ከአምስቱ ነጥቦች አራቱ ጥለውዎት ለሄዱት ለሁለቱ ናቸው። ላልሄዱት፣ ዛሬ የ11 ሰው ደመወዝ ለሚከፍሉልዎ ሁሉ፣ የደረሰቻቸው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ እርሷም ለሣቅ ያህል የተጻፈች። እኔ ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ ይበልጥ የያዘችኝ እርሷ ናት፤ እመለስባታለሁ። ነገር ግን የባለቤትዎ ምክር ነገ ጠዋት ሊፈጸም የሚችል፣ ከተፈጸመ በኋላም ለመመለስ የሚያስቸግር ስለሆነ አስቀድመን እርሱን እንያዝ።

የአንድ ሥራ ዋጋ 100 ነው ይበሉ። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ፕሌቱ (የሚታተመው ምስል የሰፈረበት ስስ ሰሌዳ) እና ሌላው ከሥራው ጋር የሚወጣው ወጪ 70 ይሁን። የሚተርፈው 30 ኪራይንም ደመወዝንም ይሸከማል። ዋጋዎን በ20 በመቶ ሲቀንሱ 80 ያስከፍላሉ። ወረቀት ሻጩ ግን ለእርስዎ ብሎ አልቀነሰም፤ 70 ያው 70 ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ 10 ይተርፋል። የቀድሞውን 30 ለማግኘት በአንድ ፋንታ ሦስት ሥራ መሥራት አለብዎ ማለት ነው፤ በዚያው ማሽን፣ በእነዚያው ሰዎች፣ በዚያው የሥራ ሰዓት። ከ100 የሚተርፍዎ 40 ከሆነ ደግሞ እጥፍ ሥራ ይበቃዎታል። የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር እኔ አላውቀውም፤ እርስዎም በቃልዎ የሚያውቁት ከሆነ ይገርመኛል። ዛሬ ከሒሳብ ሠራተኛዎ ጋር ተቀምጠው ያውጡትና ለባለቤትዎ ያሳዩ። በዚህ ላይ ቅናሹ የሚደርሰው ለሄዱት ብቻ አይደለም። ዋጋ ጠይቃ ለማታውቀው ለሳሙና አምራቿም ሳትለምንዎ 20 በመቶ መለሱላት ማለት ነው።

«ታዲያ እርሱ እንዴት ቻለ?» ይሉኛል። ይህ ደብዳቤዎ ያልጠየቀው፣ ግን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። በኦፍሴት ሥራ ባለ ሙሉ ቀለም ሕትመት አራት ፕሌት እንደሚፈልግ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ፕሌቱ ይሠራል፣ ማሽኑ ላይ ይገጠማል፣ ቀለሞቹ ልክ እስኪገጣጠሙ ድረስ ስንት ወረቀት ይጣላል። ይህ ሁሉ ድካም 300 ቢታተም 30,000 ቢታተም ያው ነው። ዝግጅቱ 600 ፈጀ ብንል በ300 ቅጂ ሲካፈል ለእያንዳንዷ 2 ይደርሳታል፤ በ30,000 ሲካፈል የዚያ አንድ መቶኛ። ስለዚህ ተወዳዳሪዎ ርካሽ የሆነው በብዛት ሥራ ላይ ነው። ማሽኑ በጥሬ ገንዘብ ካልተገዛ ደግሞ ብድሩ ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፤ ማሽኑ ከቆመ ሰውየው አደጋ ላይ ነው። ማታ ተደውሎ «300 መለያ ለነገ» ቢባል የተጫነውን ሥራ አስቁሞ፣ ፕሌት አውርዶ፣ ሌላ ገጥሞ ይሠራላታል? ቢሠራም ከስሮ ነው። የእርስዎ ዲጂታል ማሽን ግን ፕሌት አይፈልግም። የመጀመሪያዋም ቅጂ ሦስት መቶኛዋም ቅጂ የምትወጣው በተቀራራቢ ወጪ ነው።

ልብ ይበሉ፤ በአንድ የገበያ ክፍል የሚያሸንፍዎ ያ ማሽን በሌላው እግሩን አስሮታል። የውድድር ጥናት ማለት በዋናነት ይህ ይመስለኛል። የተቀናቃኝን ዋጋና ማስታወቂያ በሠንጠረዥ መደርደር ቀላል ነው፤ ባለሙያዎም ሳያደርገው አልቀረም። ከባዱ ተቀናቃኙ ቢፈልግ እንኳን ማድረግ የማይችለውን፣ ወይም ቢያደርገው ራሱን የሚጎዳበትን ነገር ማግኘት ነው።

በዋጋ ጦርነት ላይ ሁልጊዜ የምተርከው አንድ ታሪክ አለ። ሳውዝዌስት የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1971 በሦስት አውሮፕላኖች በቴክሳስ ከተሞች መካከል ሥራ ሲጀምር ኪሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በ1973 መጀመሪያ ላይ ብራኒፍ የተባለው ትልቅ አየር መንገድ የዳላስ ሂዩስተንን የ26 ዶላር ጉዞ በግማሽ ቀንሶ 13 ዶላር አደረገው። ያ መስመር ለሳውዝዌስት ትርፍ የሚያስገኝ ዋና መስመሩ ነበር። ዝም ቢል ተሳፋሪ ያጣል፤ ቢቀንስ ገንዘብ ያልቅበታል። ያደረገው ይህን ነው፦ ተሳፋሪው 13 ዶላር መክፈል ከፈለገ ይክፈል፤ ሙሉውን 26 ከከፈለ ግን አንድ ጠርሙስ ምርጥ ውስኪ በስጦታ ይወስዳል። አብዛኛው ተሳፋሪ 26 ከፈለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ መስመር የሚመላለሰው በብዛት ለሥራ የሚጓዝ ሰው ነበር፤ ቲኬቱን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጠርሙሱን ይዞ ቤቱ የሚገባው ግን ራሱ። ሳውዝዌስት በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ አስመዘገበ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የብልጠት ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል። ለእኔ ስለ ደንበኛ የማወቅ ታሪክ ነው፤ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚወስን ለይቶ የማወቅ። የሥነ ምግባር ጥያቄ ያለበት መሆኑንም አልክድም፤ የመሥሪያ ቤትን ገንዘብ በስጦታ ወደ ሠራተኛው ኪስ ማዞር እርስዎ እንዲኮርጁት የምመክረው ነገር አይደለም። ደግሞም ጠርሙሱ ብቻውን አላዳናቸውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገንዘብ አጥሯቸው አራተኛ አውሮፕላናቸውን ሸጠው ነበር። የበረራ ብዛታቸውን ላለመቀነስ አንድ አውሮፕላን አርፎ እንደገና እስኪነሣ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አወረዱት። ወጪያቸው ከሥር ዝቅ ያለ ነበር። እርስዎ እንደዚያ ዝቅ ያለ ወጪ ከሌለዎት፣ የለዎትምና፣ በዋጋ መዋጋት የሰው ሜዳ ላይ መጫወት ነው።

ስለ ማስታወቂያው አጭር መልስ አለኝ። የሚናገሩት ሳይኖር ድምፅ ማብዛት ነው። ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ የጨመሩት ማስታወቂያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ምን ብሎ እንደሚያስተዋውቅ ሽያጭ ሠራተኛዎን ይጠይቁት። «ጥራት» ካለዎ ይሸኙት።

አሁን ወደ 46ቱ ገጾች። የሃርቫርዱ የንግድ ስትራቴጂ ምሁር ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1980 የፉክክር መንገዶችን በሦስት ከፍሎ ነበር፤ በዝቅተኛ ወጪ መምራት፣ ከሌላው ተለይቶ መታየት፣ ወይም በአንድ ጠባብ ክፍል ላይ ማተኮር። መካከል ላይ የሚንጠለጠል ድርጅት ከሁሉም ያነሰ ያተርፋል አለ። በኋላ የተነሡ ተቺዎች ሁለቱን አንድ ላይ ያስኬዱ ድርጅቶች እንዳሉ አሳይተዋል፤ እውነት ነው። የስዊድኑ ኢኬያ መልከ መልካም የቤት ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። ግን ምን እንደተወ ይመልከቱ፤ ገዢው ራሱ ከመጋዘን ያነሣል፣ ራሱ ያጓጉዛል፣ ራሱ ይገጣጥማል። የተወው ነገር ነው ርካሹን ዋጋ የከፈለለት። የእርስዎ ሰነድ ምንም ነገር አይተውም። ለሁሉም ሰው፣ በላቀ ጥራት፣ በዝቅተኛ ዋጋ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ሽፋኑ ላይ ያለውን የድርጅትዎን ስም አጥፍተው የተወዳዳሪዎን ስም ይጻፉበትና እንደገና ያንብቡት። አንድም ዓረፍተ ነገር ካልተበላሸ ሰነዱ የእርስዎ አይደለም።

እዚህ ላይ እንድትርቂው የምፈልገው አንድ ጥፋት አለ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ «አንቺ» ማለቴ ሳላውቀው አመለጠኝ፣ ይቅርታ። ጉዳዩ፣ ተወዳዳሪን እግር በእግር መከተል፣ እኔም የወደቅሁበት ጥፋት ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት የቢሮ መሣሪያ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ኃላፊ ነበርኩ። ተፎካካሪያችን ለፎቶ ኮፒ ማሽን የአንድ ዓመት ዋስትና ሲሰጥ እኛ ሁለት አልን። እርሱ ሦስት አለ። እኛ አራት። አራት ዓመት የሠራ ማሽን ምን እንደሚመስል የሚያውቁት የጥገና ሠራተኞቻችን ከጀርባችን ይሣሣቁብን ነበር። አንድ ቀን ለ6 ዓመት ከእኛ ስትገዛ የኖረች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ዋስትናችንን እንዴት እንዳየችው ጠየቅኋት። ስንት ዓመት እንደሆነ አታውቅም። «ታዲያ ለምን ከእኛ ይገዛሉ?» አልኳት። «ማሽኑ ሲበላሽ ያ ልጅ ሌላ ማሽን በመኪና ይዞ ይመጣል። የተበላሸውን ወስዶ ያንን ያስቀምጥልኛል። የፈተና ወረቀት ስናባዛ ቆመን አናውቅም» አለችኝ። ያ ልጅ ማን እንደሆነ አጣራሁ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነዳጅ ያባክናል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቴክኒሻን ነበር። ማስጠንቀቂያው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በ8 ዓመት ውስጥ የእርስዎም ድርጅት ሳያውቀው የሚያደርገው፣ ደንበኛው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ ብዬ እገምታለሁ። የሚገኘው ደግሞ በሁለት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ደረሰኞችዎ ውስጥ። ያለፈውን 12 ወር ደረሰኝ በሙሉ ያውጡ። ለእያንዳንዱ ሥራ የደንበኛውን ዓይነት፣ የቅጂውን ብዛት፣ ትዕዛዙ ከመጣ እስከተረከበ ያለፈውን ጊዜ፣ ማሽኑ ላይ የቆየበትን ሰዓትና የተረፈውን ገንዘብ ይጻፉ። አሰልቺ ነው፤ ሁለት ሰው ለአንድ ሳምንት ይይዛል። ከዚያ በጠቅላላ ገቢ ሳይሆን በአንድ የማሽን ሰዓት በተረፈው ገንዘብ ከላይ ወደ ታች ይደርድሩት። የሄዱት ሁለት ትልልቅ ደንበኞች ከታች በኩል ቢገኙ አልደነቅም። ትልቅ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ትልቅ የሚመስለው ደረሰኙ ላይ ነው። ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1979 ድርጅትን የሚጫኑ አምስት ኃይሎች ብሎ ሲጽፍ ተቀናቃኞችን ከአምስቱ እንደ አንዱ ብቻ ነው የቆጠረው። ሌሎቹ ወደ ገበያው የሚገቡ አዳዲስ ድርጅቶች፣ ምትክ ምርቶች፣ አቅራቢዎችና ገዢዎች ናቸው። ገቢዎን 40 በመቶ የያዙ ሁለት ገዢዎች ያ ማሽን ባይመጣም አንድ ቀን ዋጋ ያስቀንሱዎ ነበር። ምትክም አለ፤ ብሮሹሩን ማሳተም ትቶ በስልክ የሚልክ ደንበኛ ለሌላ አታሚ አልሄደም፤ በተወዳዳሪ ሠንጠረዥዎ ላይ ግን አይታይም።

ሁለተኛው የደንበኞችዎ ጆሮና አፍ ነው። ለአሥር ሰው ራስዎ ይደውሉ፤ ለሽያጭ ሠራተኛዎ አይስጡ፣ እርሱ መስማት የሚፈልገው መልስ አለው። አብዛኞቹ ካልሄዱት ይሁኑ፣ ሁለቱን የሄዱትንም ይጨምሩ፣ በቅርቡ የመጡም አይቅሩ። «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ብለው እንዳይጠይቁ አደራ። ሰው በጨዋነት አዎ ይላል፤ እርስዎም ያተረፉት ነገር የለም። ያለፈውን አንድ ትዕዛዝ ከመነሻው እንዲተርኩልዎ ያድርጉ። ሕትመቱ እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ ማን አወቀ? ስንት ቀን ቀርቶት? ከእኔ በፊት ማን ጋ ተደወለ? ቢዘገይ ማን ይቆጣ ነበር? ሰው ስለ አስተያየቱ ሲጠየቅ ያሳምራል፤ ስለ ሠራው ሲጠየቅ ግን በአብዛኛው እንደሆነው ይናገራል።

እዚህ ላይ ነው ሳሙና አምራቿ የምትገባው። በደብዳቤዎ ላይ ለእርሷ የተሰጡትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁ። ማታ ትደውላለች። 300 ትጠይቃለች። ዋጋ አትጠይቅም። እኔ የምገምተው እንዲህ ነው። ይህች ሴት የምታመርተው ትዕዛዝ ሲመጣላት ነው፤ ትዕዛዙ የሚረጋገጥላት ደግሞ ቀን ሲያልቅ። መለያ የሌለው ሳሙና ከመጋዘን አይወጣም። ከአንድ ሳሙና ወጪ ውስጥ መለያው ጥቂት ነው፤ በመለያው መዘግየት የሚቀረው ሽያጭ ግን ሙሉ ነው። 20,000 በአንድ ጊዜ አሳትማ በርካሽ ብትገዛስ? ሽታ ስትቀይር፣ ቅመም ስትጨምር፣ መጠን ስታሳንስ መለያው ይለወጣል፤ የተረፈው ሁሉ ይጣላል። ለእርሷ ርካሹ መለያ የእርስዎ ነው። ለዚህ ነው ዋጋ የማትጠይቀው።

ግምቴ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ደውለው የሚጠይቋት። ልክ ከሆነ ግን «እንደ እርሷ ያሉ 100 ደንበኞች ቢኖሩኝ» ያሉት ቀልድ የገበያ ምርጫ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ የሚያመርቱ፣ ምርታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚለውጡ፣ በተቆረጠ ቀን ማድረስ ያለባቸው፦ የመዋቢያ ቅባት የሚሠሩ፣ ሻማ የሚሠሩ፣ አዲስ ምርት ገበያ ላይ ከማውጣታቸው በፊት የሚሞክሩ ፋብሪካዎች፣ የሥልጠና ጽሑፋቸው በየወሩ የሚለወጥ ተቋማት። ከመውደድዎ በፊት ግን ይቁጠሩ። በመኪና ማድረስ በሚችሉበት ርቀት ውስጥ ስንት አሉ? እያንዳንዳቸው በወር ስንት ጊዜ ያዝዛሉ? ዲጂታል ማሽንዎ በሌሊት ስንት ያወጣል? ጠባብ ገበያ ጥሩ ነው፤ ከመጥበቡ የተነሣ 11 ሰው የማያበላ ገበያ ግን አለ። ቁጥሩ እምቢ ካለ ሌላ ክፍል ይፈልጉ።

ቁጥሩ እሺ ካለ አንድ ቃል ይግቡ፤ ለመጠበቅ የሚከብድ ቃል። ኤቪስ የተባለው የመኪና አከራይ እ.ኤ.አ. በ1962 ከኸርዝ ቀጥሎ ሁለተኛ መሆኑን በአደባባይ አምኖ፣ ሁለተኛ በመሆናችን የበለጠ እንጥራለን ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ሲከስር የኖረ ድርጅት በዓመቱ ትርፍ አገኘ። መፈክሩን ሁሉም ያስታውሰዋል። እኔ የምወደው ከሥሩ የነበረውን ዝርዝር ነው፤ የሲጋራ መተርኮሻው የጸዳ፣ ነዳጁ የሞላ፣ ሰልፉ አጭር። ደንበኛው መኪናው ውስጥ ገብቶ በራሱ ዓይን የሚያረጋግጠው ነገር ነበር። የእርስዎ ምናልባት እንዲህ ይሆናል፦ እስከ 1,000 ቅጂ የሆነ መለያ ፋይሉ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከደረሰ በማግሥቱ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት እጅዎ ይገባል፤ ካልገባ አይከፍሉም። ይህን ለመጠበቅ በፈረቃ የሚያመሽ ሰው ያስፈልጋል። የተለመዱት የወረቀት ዓይነቶች ሁልጊዜ መጋዘን ውስጥ መኖር አለባቸው። ናሙናው በስልክ ታይቶ በስልክ ይጽደቅ። ምናልባት ከሁሉም በላይ የሚያምዎት፣ ካታሎግና ካርቶን የሚያሳትመውን ሰው «ይህን እኛ አንሠራም» ብለው መሸኘት ነው። ማሽኑ በካርቶን ሥራ ከተያዘ የማታው ቃል ይፈርሳል። ዋጋውም ከዚህ ጋር ይስተካከል፤ ለቸኮለ አንድ ዋጋ፣ ሦስት ቀን ለሚጠብቅ ሌላ። የምሽቱ ዋጋ ከዛሬው ዋጋዎ ከፍ ቢል አይፍሩ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይለውጡ። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የመደብር ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ኩፖንና ቅናሽ አስቀርቶ በሁሉም መደብሮቹ አዲስ የዋጋ አሠራር ጀመረ፤ በጥቂት መደብሮች ላይ አስቀድሞ አልሞከረውም። ሽያጩ በዚያ ዓመት በሩብ ያህል ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁም በ2013 ኤፕሪል ላይ ተሰናበተ። እርስዎ ለ90 ቀን፣ ከ20 በማይበልጡ ደንበኞች ይሞክሩት። ስንቱ ተመልሶ አዘዘ? ከመቶ ስንቱ በሰዓቱ ደረሰ? በአንድ የማሽን ሰዓት ስንት ተረፈ? ምን ቁጥር ላይ ሲደርስ እንደሚያስፋፉት፣ ምን ቁጥር ላይ እንደሚያቆሙት ከመጀመርዎ በፊት በወረቀት ይጻፉና ለባለቤትዎ ያስይዙ። ከጀመሩ በኋላ ልብ ያዳላል።

ተወዳዳሪዎ ዝም አይልም። የተሳካልዎ እንደሆነ እርሱም ዲጂታል ማሽን መግዛት ይችላል፤ ማሽን ለማንም ይሸጣል። የማይሸጠው ማን በየስንት ቀኑ እንደሚያዝዝ፣ የማን ፋይል ሁልጊዜ ስሕተት እንዳለበት፣ የትኛዋ ደንበኛ የትኛውን አረንጓዴ እንደምትወድ በመዝገብዎ ላይ የሚጠራቀመው ነው። እርሱ እስኪነሣ ድረስ ያለዎትን ጊዜ ለዚህ ያውሉት።

የሄዱትን ሁለቱን አይለምኗቸው። ደግሞም አይቀየሟቸው። ትልቅ ገዢ በአንድ አታሚ ላይ ብቻ መንጠልጠል አይመቸውም፤ ያ ትልቅ ማሽን አንድ ቀን ይበላሻል፣ ወይም ወረፋው ይረዝማል። ደውለው ብዛቱን ሥራ እንደማይፈልጉ፣ የድንገተኛውንና የጥቂቱን ሥራ ግን በአንድ ሌሊት እንደሚያወጡ ይንገሯቸው። በ20 በመቶ ቅናሽ የማይመለስ ሰው በዚህ ሊመለስ ይችላል፤ ባይመለስም የጠፋብዎ የአንድ ስልክ ሒሳብ ነው።

ለባለሙያዎ ደግሞ 46ቱን ገጽ መልሰው ይስጡትና አንድ ገጽ ይጠይቁት፤ ለማን፣ ምን ቃል፣ ምን እንተዋለን፣ በምን እንለካዋለን።

ሰኞ ጠዋት ምን ላድርግ ብለው ነበር የጠየቁኝ። ሰኞን አይጠብቁ። ሳሙና አምራቿ ዛሬ ማታ ከደወለች ትዕዛዟን እንደ ወትሮው ይቀበሉ፤ ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት ግን ከእርስዎ ጋር መሥራት ከመጀመሯ በፊት በዚህ ሰዓት ማን ጋ ትደውል እንደነበር ይጠይቋት።